ስሙ በማን እጅ ነው?

ናይሮቢ መሃል ከተማ ውስጥ ዌብሳይት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚታማው ባሕሩ ነው። ግንቦት 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲኮም እና ኢሲ የተባሉት የባሕር ውስጥ ኬብሎች በደቡብ አፍሪካ ጠረፍ አጠገብ ከተበጠሱ ወዲህ የሞይ አቬኑ ዘበኛ ሳይቀር ስለ ኬብል ያወራል። ኢሜይል ዘገየ? ኬብል ነው። የካርጎ መከታተያው ገጽ አልከፍት አለ? ኬብል ነው። አዲስ አበባ ስደውል ደግሞ ሌላ ተከሳሽ ይቀርብልኛል፤ «ሲስተም የለም» ይሉኛል፣ በቃ፣ ጥያቄው እዚያው ይዘጋል።

እኔ በዚህ ከተማ የሐበሻ ድርጅቶችን ዲኤንኤስ እየጠበቅሁ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። ደንበኞቼ የጉዞ ወኪሎች፣ ካርጎ ላኪዎች፣ ምግብ ቤቶች ናቸው፤ ጥቂቶቹ አዲስ አበባም ቢሮ አላቸው። ኬብል አይበጠስም፣ መብራት አይጠፋም አልልም። ግን ወደ እኔ ከሚመጣው ችግር የሚበዛው የስም ችግር ነው። ዌብሳይቱ ያለበት ማሽን ደህና ነው፣ መስመሩም ደህና ነው፤ ስሙን ተጠይቆ «እዚህ ቁጥር ላይ ታገኘዋለህ» ብሎ የሚመልሰው ሰርቨር ነው የተሳሳተው ወይም ዝም ያለው። ከዚህም ውስጥ የሚበዛው የቴክኒክ ዕውቀት ያነሰው አይደለም፤ ስሙ በማን እጅ እንዳለ የሚያውቅ ሰው የጠፋበት ነው። ባለሙያዎች ስለ ሶፍትዌር እየተከራከርን ባለንብረቶች ደግሞ ስለ ኬብል እያማረሩ ይህ ጥያቄ መሃል ላይ ወድቆ ቀርቷል።

ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልንገር። ኮምፒውተሮች የሚፈላለጉት በቁጥር ነው፣ ሰው ግን በስም ይጠራል። በመጀመሪያው ዘመን ስምና ቁጥሩን ሁሉ የሚይዝ አንድ ፋይል ነበር፤ የሚጠበቀውም ካሊፎርኒያ ውስጥ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ነው፤ ሥራውን የምትመራው ኤሊዛቤት ፋይንለር ነበረች። አዲስ ማሽን የተከለ ሰው እዚያ ቢሮ አሳውቆ ያስመዘግባል፣ ሌላው ደግሞ ፋይሉን እየቀዳ ይወስዳል። ማሽኑ ሲበዛ ይህ አላዋጣም። እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ መዝገቡን በታትኖ የሚያከፋፍለውን ዲኤንኤስ የተባለ ዘዴ አወጣ፤ ከላይ ሥሩ አለ፣ ከሥሩ በታች እንደ ዶት ኮም እና ዶት ኬኢ ያሉት አሉ፣ ከእነሱ በታች ደግሞ እያንዳንዱ ድርጅት የራሱን ቁራሽ ይይዛል። ማንም የሌላውን አይጠብቅም። የዲኤንኤስ ውበቱም ጣጣውም ይኸው ነው፤ ኪማቲ ስትሪት ላይ ሦስት ጠረጴዛ ያላት ወኪል የዓለምን መዝገብ አንዲት ቅጠል ተረክባለች፣ መረከቧን ግን አታውቅም።

እንዲህ ያለችው ወኪል ባለቤት አንድ ጠዋት ደወሉልኝ። በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ፣ እትዬ ነው የምላቸው።

«ልጄ፣ ኢሜይላችን ሞተ።»

«ከመቼ ጀምሮ እትዬ?»

«ከትናንት ማታ። የላከልን ሁሉ ይመለስበታል። የኬብሉ ነገር ይሆን?»

ስሙን ስጠይቅ የተመለሰልኝ ቁጥር የእሳቸው ሰርቨር አይደለም፤ ስም የሚሸጠው ኩባንያ ማስታወቂያ የሚለጥፍበት ገጽ ነው። ዶሜይኑ ጊዜው አልፎበታል። «እትዬ፣ ስሙን የሚያድሰው ማነው?» ብል ትንሽ ዝም አሉና «ያ ዌብሳይቱን የሠራው ልጅ ነዋ» አሉ። ልጁ ካናዳ ከገባ ቆይቷል። ዶሜይኑ የተመዘገበው በራሱ ስም፣ በራሱ የድሮ ኢሜይል፣ በራሱ የባንክ ካርድ ነው። ዶት ኮም የሚሸጡ ኩባንያዎች፣ የኢንተርኔት ስሞችን የሚያስተባብረው አይካን ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ጊዜው ከማለፉ አንድ ወር ገደማ በፊት፣ ከዚያም አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ካለፈም በኋላ ማሳሰቢያ መላክ አለባቸው። ተልኳልም። ማንም የማይከፍተው ሳጥን ውስጥ ተደርድሮ ተቀምጧል። ልጁን ያገኘነው በኢንተርኔት ጥበብ ሳይሆን በአክስቱ በኩል ነው፤ አክስቱና እትዬ አንድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ።

ከታደሰም በኋላ ቀኑን ሙሉ «ለእኔ ከፈተ፣ ለሱ አልከፈተም» ሲባል ዋለ። ይህ የተለመደ ነው። ስም ጠያቂ ሰርቨሮች ያገኙትን መልስ ለተወሰነ ሰዓት ካሽ ውስጥ ይይዙታል፤ የድሮውን የያዘው እስኪጥለው ድረስ የድሮውን ይመልሳል። በዚያን ሰዓት ሰርቨሩን መነካካት ምንም አይጠቅምም። እትዬ ግን መጠበቁን አልወደዱትም፤ እውነታቸውን ነው፣ ቲኬት የቆረጠ ደንበኛ አይጠብቅም።

የእሳቸውን ቢሮ ሳይ ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። የንግድ ፈቃዱ በመስታወት ተለብጦ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ የኪራይ ውሉ ብረት ሳጥን ውስጥ ነው፣ ቁልፉም አንገታቸው ላይ። ደንበኛ የሚያገኛቸው ግን በሁለቱም አይደለም፤ ካናዳ በሚኖር ሰው ስልክ ውስጥ በተቀመጠ ፓስወርድ ነው። እትዬን አልወቅስም። የምወቅሰው የእኛን ሙያ ነው። ዌብሳይት ሠርተን ስናስረክብ ገጹን አሳይተን፣ ገንዘባችንን ተቀብለን እንወጣለን፤ ስሙን በደንበኛው ድርጅት ስምና ኢሜይል ማስመዝገብ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፣ ለራሳችን እንዲቀልል ብለን በራሳችን እናደርገዋለን። አንዳንዱም ሆን ብሎ ያደርገዋል፤ ስሙን የያዘ ሰው ደንበኛውን ይይዛልና። ይህን ጥበቃ የሚሉት አሉ። እኔ ሌላ ስም አለኝ፣ ለጋዜጣ አይሆንም እንጂ።

ጉዳዩ የትንንሽ ድርጅቶች ብቻ እንዳይመስል። ዶት ኬኢ ራሱ፣ የአንድ አገር ስም፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሰጥ የተቀበሉት በበጎ ፈቃድ የሚሠሩ ሁለት ግለሰቦች ናቸው፤ አስተዳደሩ በኬንያዊው ዶክተር ሼም ኦቹዎዶ እጅ፣ ቴክኒኩ ደግሞ አሜሪካ በሚኖረው ራንዲ ቡሽ እጅ ነበር። ሰዎቹ ክፉ አልሠሩም፤ እነሱ ባይኖሩ ዶት ኬኢ ያኔ ባልተጀመረ። ግን ኬንያውያን ቁጭ ብለው «ስማችን በማን እጅ ነው?» ብለው ጠየቁ፤ መንግሥትም፣ ኢንተርኔት አቅራቢዎችም፣ ምሁራንም የተወከሉበት ኬኒክ የሚባል ተቋም አቋቋሙና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ስሙን ተረከቡ። አገር የጠየቀውን ጥያቄ አንድ የካርጎ ድርጅት መጠየቅ ያቅተዋል ብዬ አላምንም።

አሁን ወደ ማሽኑ ልግባ፤ ባለሙያ አንባቢም አይቀየመኝ።

ችግር ሲነገረን ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናደርገው ሪስታርት ነው። ሪስታርት ማስረጃ ያጠፋል። ከዚያ በፊት መጠየቅ ይሻላል፤ መጠየቂያው ዲግ የሚባለው ትንሽ ትእዛዝ ነው፣ ባይንድ ከተባለው የስም ሰርቨር ሶፍትዌር ጋር አብሮ ይመጣል። የሰርቨሩ አለመመለስ እንኳ ዓይነት አለው። «ኤንኤክስዶሜይን» ካለ ስሙ ጭራሽ የለም ማለት ነው፤ ጊዜው ያለፈበት ዶሜይን ወይም የተሳሳተ ፊደል እዚያ ይገኛል። «ሰርቭፌይል» ካለ ጠይቄ የማምነው መልስ አጣሁ ማለቱ ነው፤ ከላይ ያለው መዝገብ ወደ አንድ ሰርቨር ይመራል፣ ያ ሰርቨር ግን ዞኑን፣ ማለትም የድርጅቱን የመዝገብ ቁራሽ፣ አልያዘውም፣ ወይም ይዞት ፋይሉ ተበላሽቷል። «ሪፊውዝድ» ካለ ሰርቨሩ ሕያው ነው፣ ለአንተ አልመልስም ብሏል። ዝም ካለ ደግሞ ወይ ሞቷል ወይ ፋየርዎል በሩን ዘግቶበታል። አራቱ አራት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው፤ ስልክ ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም «ኔትወርክ የለም» ይሆናሉ።

ፋየርዎልን ካነሳሁ አንዱን ልጨምር። የስም ሰርቨር በር 53 ነው፣ በሁለቱም የመላላኪያ ስልት፣ በዩዲፒም በቲሲፒም። አንዳንድ ጠንቃቃ ነን ባይ ቲሲፒውን ይዘጋዋል። አጫጭር መልሶች በዩዲፒ ያልፋሉ፣ ስለዚህ ዌብሳይቱ ይከፍታል፣ ሰውየውም ደህና ነኝ ይላል። መልሱ ሲረዝም ግን በቲሲፒ ነው የሚሄደው፤ ለኢሜይል ማረጋገጫ የሚቀመጡት ረጃጅም ጽሑፎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ከሳምንት በኋላ «ጂሜይል ደብዳቤያችንን አይፈለጌ ውስጥ ይከታል» የሚል አቤቱታ ይመጣል። ማንም ከፋየርዎሉ ጋር አያገናኘውም።

ነጥብም አለች። በዞን ፋይሉ ውስጥ ሙሉ ስም ሲጻፍ መጨረሻው ላይ ነጥብ ካልተደረገ ሰርቨሩ የድርጅቱን ስም እንደገና ይቀጥልበትና ስሙ ሁለት ጭራ ይዞ ይወጣል። አራት ነጥብ ያለን ሕዝብ በአንዲት ነጥብ ስንቸገር ማየት ያስቃል።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የቁጥሩ ታሪክ ነው። እያንዳንዱ ዞን በአናቱ ላይ መለያ ቁጥር አለው። ዋናው ሰርቨር ላይ ለውጥ ሲደረግ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ቅጂ የሚይዘው ሁለተኛው ሰርቨር ቁጥሩን አይቶ ከያዘው ከበለጠ አዲሱን ቅጂ ይወስዳል፣ ካልበለጠ ይተወዋል። የተለመደው አጻጻፍ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ከዚያ የዕለቱ ተራ ቁጥር ነው። አንድ ድርጅት ዋናውን አዲስ አበባ፣ ሁለተኛውን ናይሮቢ አስቀምጧል። ግንቦት 2016 ኬብሉ በተበጠሰበት ሰሞን ዌብሳይቱን ወደ ሌላ ቦታ አዛወሩ። ከዚያ ወዲህ ግማሹ ደንበኛ አዲሱን ገጽ፣ ግማሹ የማይሠራውን የድሮውን ያገኛል። ያው፣ ኬብሉ ተከሰሰ። ኬብል ይጠገናል ብለው ጠበቁ።

ሁለቱን ሰርቨሮች ለየብቻ ስጠይቅ ናይሮቢ ያለው ቁጥር 2024022003 ይላል። አዲስ አበባ ያለው 2016090801። የአዲስ አበባው ባለሙያ የጻፈው ግንቦት 8 ቀን 2016 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር። ከእሱ በፊት የነበረው ሰው በፈረንጅ ይጽፍ ነበር። ናይሮቢ ያለው ሰርቨር ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የሄደ ቅጂ ሲቀርብለት አልፈልግም አለ፣ በመዝገቡም ላይ «የቀረበልኝ ካለኝ ያንሳል» ብሎ በግልጽ ጽፎታል። መዝገቡን ያነበበ አልነበረም። ኬብሉ ንጹሕ ነበር።

ማሽኑ ዘመን አያውቅም፤ የሚያውቀው መብለጥና ማነስ ብቻ ነው። በእኛ አቆጣጠር መጻፍ ኃጢአት የለውም፣ ከመጀመሪያው እንዲያ ከተጀመረ። መሃል መንገድ ላይ መቀየር ነው ጣጣው። 2024051701 ብለን ጻፍን፣ ሁለተኛው ሰርቨር ወዲያው ወሰደው። ተቃራኒው ይከብዳል፤ አንዱ ተሳስቶ 2024ን 2042 ቢለው ቁጥሩን ዝም ብሎ መመለስ አይቻልም። መፍትሔው መጀመሪያ 2147483647 መደመር፣ ሁለተኛው ሰርቨር ያንን እስኪወስድ መጠበቅ፣ ከዚያ ትክክለኛውን መጻፍ ነው፤ ቁጥሩ እንደ ሰዓት ዞሮ ስለሚቆጠር አዲሱ የበለጠ ሆኖ ይታየዋል። ሁለተኛው ሰርቨር በራስ እጅ ከሆነ ግን ያን ሁሉ ትቶ ቅጂውን አስጥሎ እንደገና ማስወሰድ ነው።

ሰዓትም እንደዚሁ ነው። ናይሮቢና አዲስ አበባ አንድ የሰዓት ክልል ናቸው፤ ስዋሂሊም እንደ እኛ ከንጋት ይቆጥራል፣ ጠዋት 3 ሰዓት «ሳዓ ታቱ» ነው፤ በዚህ ረገድ ከናይሮቢ ሰው ጋር ተግባብተን እንኖራለን። ሰርቨሩ ግን በዚህ አይግባባም። ቅጂ የሚቀባበሉ ሰርቨሮች በምስጢር ቁልፍ ሲተማመኑ የሰዓታቸው ልዩነት በተለምዶ ከ5 ደቂቃ መብለጥ የለበትም። አንድ ቦታ ጠዋት 3 ሰዓትን በቁሙ 3 ብሎ በእጁ የሞላ ሰው ሰርቨሩን የስድስት ሰዓት ልዩነት ውስጥ ከቶት ቅጂው ሁሉ ቆሞ አይቻለሁ።

ወደ መብራት ልመለስ፤ ናይሮቢ ላይ ሆኖ ስለ መብራት ዝም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 25 ቀን 2023 ዓርብ ምሽት ኬንያ ከሞላ ጎደል በሙሉ ጨለመች፤ ጆሞ ኬንያታ አየር ማረፊያ እንኳ ጨለማ ውስጥ ሲዋጥ በፎቶ ታይቷል። «ስቲማ ጠፋ»፣ መብራት ጠፋ ማለት፣ ናይሮቢ ውስጥ የዕለት ቋንቋ ነው፣ እንዲህ ሲሆን ግን ሌላ ነው። ቶም ምቦያ ስትሪት አቅራቢያ ካለ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ የአንድ ድርጅት ሁለት የስም ሰርቨሮች ነበሩ። ሁለት፤ ደንቡ እንደሚለው። ሁለቱም አንድ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ሁለቱም አንድ ባትሪ ላይ፣ ባትሪውም ከሉቱሊ አቬኑ በርካሽ የተገዛ። አብረው ሞቱ።

ይህስ ይጠበቃል። ያልተጠበቀው መብራቱ ሲመለስ የሆነው ነው። ማሽኖቹ ተነሱ፣ መብራታቸው አረንጓዴ፣ ስሙ ግን የለም፤ ሰርቭፌይል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከወራት በፊት አንድ ሰው ዋናው ሰርቨር ላይ ዞን ፋይሉን ሲያስተካክል ስህተት ትቷል። ባይንድ እየሠራ ሳለ የተበላሸ ፋይል እንደገና እንዲያነብ ቢታዘዝ መዝገቡ ላይ ስህተቱን ጽፎ የድሮውን ይዞ ይቀጥላል። ስለዚህ ማንም አላወቀም። ከዜሮ ሲነሳ ግን የድሮው የለውም፤ ፋይሉን ማንበብ ካቃተው ዞኑን ጭራሽ አይጭነውም። ሁለተኛውስ? የሁለተኛው ቅጂ በዲስክ ላይ እንዲቀመጥ አልተደረገም ነበር፤ ማህደረ ትውስታው ውስጥ ብቻ ነበር፣ ከመብራቱ ጋር ሄደ። የወራት ስህተት አንድ ምሽት ጠብቆ ወጣ። «መብራቱ ነው ያጠፋው» ተባለ፣ እኔም አልተከራከርኩም፤ ደንበኛው ደክሞታል። ፋይሉን ከመጫን በፊት የሚፈትሽ ትእዛዝ አለ፣ ቼክዞን የሚባል፣ የሚወስደው አንድ ሰከንድ ነው።

ሁለቱን ሰርቨር በተለያየ ቦታ አስቀምጡ ማለት የእኔ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የኢንተርኔት መምሪያ ሰነድ ቁጥር 2182 ይህንኑ ይላል፤ አንድ ሕንፃ፣ አንድ መስመር፣ አንድ መብራት ላይ አታድርጓቸው። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ያ የዶት ኬኢን ቴክኒክ ይይዝ የነበረው ራንዲ ቡሽ ነው። ትልልቆቹም ቢሆኑ ይሳታሉ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ ስድስት ሰዓት ገደማ ከዓለም ሲጠፋ ሰርቨሮቹ አልተቃጠሉም፤ የስም ሰርቨሮቹ ሁሉ በራሱ ኔትወርክ ውስጥ ስለነበሩ ኔትወርኩ ሲዘጋ አብረው ተዘጉ።

«እንግዲያው ለትልቅ ኩባንያ ስጡትና ተገላገሉ» የሚለኝ የሙያ ባልደረባ ብዙ ነው። ግማሽ እውነት አለው። አምስት ሠራተኛ ያለው ድርጅት የራሱን ባይንድ እንዲጠብቅ አልመክርም፤ እኔም ብዙዎቹን ደንበኞቼን ወደዚያው አዛውሬያለሁ። ግን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 2016 ዳይን የተባለው የስም አገልግሎት ሰጪ በጥቃት ሲጨናነቅ ትዊተርና ስፖቲፋይ አብረው ወደቁ። ከሁሉ በላይ ትልቁ ኩባንያ «አካውንቱ የማን ነው?» ብሎ አይጠይቅልህም። ካናዳ ያለው ልጅ እንደ ክላውድፍሌር ያለ ትልቅ ኩባንያ ላይም በራሱ ስም አካውንት ሊከፍትልህ ይችላል።

ናይሮቢ ለዚህ ነገር ጥሩ መማሪያ ናት፤ በብዙ ጠብ የተማረች ከተማ ስለሆነች። እ.ኤ.አ. እስከ 2000 ድረስ አንዱ የናይሮቢ ቢሮ ለሌላው የናይሮቢ ቢሮ ኢሜይል ቢልክ በሳተላይት ባሕር ማዶ ሄዶ ነበር የሚመለሰው። በዚያ ዓመት መጨረሻ አቅራቢዎቹ ተሰብስበው በአገር ውስጥ የሚገናኙበትን ኪክስፒ የተባለ መለዋወጫ ከፈቱ። ቴልኮም ኬንያ ብቸኛ መብቴ ተነካ ብሎ ከሰሰ፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም በሳምንታት ውስጥ አዘጋው። ዳግም የተከፈተው በ2002 ነው። ዛሬ የሥሩ የስም ሰርቨሮች ቅጂ ናይሮቢ ውስጥ አለ፤ በ2022 አይካን በአፍሪካ የመጀመሪያውን የሥር ሰርቨር ስብስብ እዚሁ ተክሏል። የግንቦቱ ኬብል ሲበጠስ ወደ ሥሩ የሚሄደው ጥያቄ ባሕር መሻገር አላስፈለገውም። አንዳንድ ድርጅቶቻችን ግን ናይሮቢ ተቀምጠው የስም ሰርቨራቸውን ሁለቱንም አውሮፓ አድርገዋል። ኬብሉን መውቀስ የሚያምርበት እንዲህ ያለው ብቻ ነው፣ እሱም ቢሆን ኬብሉን መርጦ የሄደው ራሱ ነው።

እኔ የምለው አዲስ አበባና ናይሮቢ ያሉ የሐበሻ ድርጅቶች አንዱ የሌላው ሁለተኛ ሰርቨር ይሁን ነው። የአዲስ አበባው ዋናውን ይያዝ፣ ቅጂው ናይሮቢ ይቀመጥ፣ የናይሮቢውም እንዲሁ። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ ሱስዋ የሚደርሰው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ መብራት ያመላልሳል፤ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ኪሎባይት የምትሆን ዞን ፋይል ማሻገር ከባድ አይደለም። ከተሞቹ አብረው ከጨለሙ ያኔ የምንጨነቅበት ሌላ ነገር ይኖረናል።

ይህን ሐሳብ ሳነሳ አዲስ አበባ ያሉ ኃላፊዎች የሚጠይቁኝ አንድ ነው፤ «የድርጅታችንን መረጃ ኬንያ ልናስቀምጥ ነው?» ይላሉ። ለሕዝብ የሚመልሰው ዞን ምስጢር የለውም፤ የዌብሳይቱና የኢሜይሉ ቁጥር ነው፣ ዓለም ሁሉ ጠይቆ እንዲያገኘው ተብሎ የተጻፈ። የቢሮ ውስጥ ማሽኖችን ስም እዚያው ፋይል ውስጥ የጻፈ ካለ ግን ለኬንያ ከመስጠቱ በፊት ቀድሞ ያውጣው፤ አሁንም ቢሆን የማይገባ ቦታ ነው ያለው። ተገቢው ሥጋት ሌላ ነው፤ ሁለተኛውን የያዘው ሰው ቅጂውን ቢቀይረውስ? ለዚህ ዲኤንኤስሴክ የሚባለው ፊርማ አለ። የሥሩ መዝገብ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2010 ጀምሮ የተፈረመ ነው፤ ከላይ ያለው ዞንም ከተፈረመ የራስን ዞን ፈርሞ ማስያዝ ይቻላል፤ ያኔ ፊርማውን የሚያረጋግጥ ጠያቂ የተለወጠ ቅጂን አይቀበልም። ፊርማው ግን ቀነ ገደብ አለው፣ በየጊዜው መታደስ ይፈልጋል፤ ካልታደሰ ስሙ ለሚያረጋግጡት ሁሉ ሰርቭፌይል ሆኖ ያድራል። ስለዚህ ዶሜይኑን የሚያድሰው ማን እንደሆነ ገና ያልተስማማ ድርጅት ዞኑን ባይፈርም እመርጣለሁ።